ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ምክር፦ የቴክኒክ ምክር በአማርኛ

1. መግቢያ

ስለ ምክር ሲነሣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ በቅድሚያ የሚያስታውሰው የአባትን፣ የሽማግሌን ወይም የንስሐ አባትን ምክር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የምክር ሥነ ጽሑፋችን መካሪና ተመካሪ በዝምድና፣ በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚተዋወቁበት ነው። በዛሬው ጊዜ ግን በየዕለቱ ከምንሰማቸውና ከምናነባቸው ምክሮች ብዙዎቹ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚተላለፉ ናቸው። የአንዱ ስልክ አልከፈት ይላል፤ የሌላዋ የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀርባል። ጠያቂው አይቶት ለማያውቀው ሰው ችግሩን ይናገራል፤ ያ ሰውም ያለ ምንም ክፍያ የሚያውቀውን ይነግረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዓይነቱን ምክር ከቋንቋ አንጻር መመልከት ነው። ምሳሌዎቹን ያሰባሰብኩት በምኖርበት በሳሪስ አቦ አካባቢ ካሉ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች፣ ከሞባይል መጠገኛ ሱቆች፣ እንዲሁም ሰዎች በስልካቸው በቴሌግራም ከሚለዋወጧቸው የጽሑፍ ጥያቄዎችና መልሶች ነው። ላስረዳ የምሞክረው ነጥብ አንድ ነው። በልማዳዊው ምክር መካሪውን ታማኝ የሚያደርገው ማንነቱ ሲሆን፣ ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ ምክር ግን ታማኝነቱ የሚገኘው ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ብቻ ነው። ስለሆነም መካሪው የሚጠቀምበት አጠራር፣ የሚመርጠው አንቀጽና የሚሰይምበት ቃል ምክሩን ያድናሉ ወይም ያበላሻሉ።

2. ምክርና ዝምድና

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አንድ መጽሐፍ ርእሱ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ይላል። ይህ ርእስ የልማዱን ቅርጽ በአጭሩ ያሳያል። መካሪው አባት ነው፤ ተመካሪው ልጅ ነው፤ ምክሩም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ውርስ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም አንባቢውን ደጋግሞ የሚጠራው «ልጄ» እያለ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ዓይነቱ ምክር ተመካሪው «ይህን የሚነግረኝ ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። መልሱ ከምክሩ በፊት ያለ ነውና።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር በዚህ ዓይን እንመልከተው። አባባሉ ሳይናገር ያስቀመጣቸው ሦስት ግምቶች አሉ። አንደኛ፣ መካሪው ትክክለኛውን ነገር ያውቃል። ሁለተኛ፣ መካሪው ከተመካሪው አጠገብ ስለማይርቅ ደጋግሞ ሊመክረው ይችላል። ሦስተኛ፣ መከራ የሚመጣው እምቢ ባለው ላይ ነው። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል በሚሰጥ የቴክኒክ ምክር ግን ሦስቱም ግምቶች ይናጋሉ። መካሪው ጉዳዩን ቢያውቅም የጠያቂውን መሣሪያ አላየውም። አንድ ጊዜ ተናግሮ ይሄዳል፤ የሆነውንም ላይሰማ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መከራው የሚደርሰው እሺ ባለው ላይ ሊሆን ይችላል። ጠያቂው የተባለውን ቃል በቃል ፈጽሞ ምክሩ ለሌላ ችግር የተሰጠ ሆኖ ቢገኝ፣ የሚጠፋው የእርሱ ፋይል እንጂ የመካሪው አይደለም።

3. የማይተዋወቁ ሰዎች ትብብር

ይህ ልማድ በአገራችን የቅርብ ጊዜ ቢመስልም ከአማርኛ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትና በዚያው ዘመን በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ሆኖም መሣሪያዎቹ የግዕዝን ፊደል አያውቁም ነበር። ለዚህ ችግር መፍትሔ ከፈለጉት መካከል ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ይገኙበታል። ያዘጋጁት ዘዴ ሴራ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቅ ሲሆን፣ የግዕዝን ፊደላት በላቲን ፊደል ለመወከል የተሠራ ሥርዓት ነበር። ለምሳሌ ተ እና ጠ የሚለዩት በትንሹና በትልቁ የላቲን ፊደል ነበር። እንዲህ ያለ ዘዴ በሥራ ላይ የሚውለው አንዱ ለሌላው ሲያስረዳው ነው።

በአገር ውስጥም ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ተሠሩ። የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ በየራሳቸው አቀማመጥ ያስቀምጡት ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የጋራ ኮድ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዝግበውለታል። ይሁንና የጋራው ኮድ መገኘቱ አሮጌዎቹን ጽሑፎች ወዲያውኑ አልለወጣቸውም። በዚህም የተነሣ ዛሬም ቢሆን የማይነበብ የአማርኛ ጽሑፍ ይዞ ምክር የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። የምክርን ጠባይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማላገኝ እርሱኑ እወስዳለሁ።

4. «ምን ይታይዎታል?»

ሰኔ ሲመጣ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ወደ ሳሪስ አቦ ውስጥ ለውስጥ በሚያስገቡት መንገዶች ዳር ያሉት የጽሕፈት ቤቶች በመመረቂያ ጽሑፍ አሳታሚዎች ይጨናነቃሉ። በአንደኛው ቤት የታዘብኩት የሚከተለው ነው። አንዲት ተማሪ በፍላሽ ይዛ የመጣችው ጽሑፍ ሲከፈት ከፊሉ ምዕራፍ በተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ተሞልቶ ታየ። ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ወጣት «ቫይረስ ነው፤ ኮምፒዩተርሽን ፎርማት አድርጊው» አላት። መታወቂያ ኮፒ ለማስደረግ የመጡ አንድ ጎልማሳ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «እስቲ እኅቴ፣ ይህ ክፍል መጀመሪያ የት ተጻፈ? በምን ፕሮግራም?» ሲሉ ጠየቁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከተዘጋጀ የሌላ ሰው ጽሑፍ የተቀዳ ጥቅስ መሆኑን ነገረቻቸው። እርሳቸውም የቀድሞውን ፕሮግራም ፎንት ስም ጠቅሰው፣ እርሱ ካልተጫነ ጽሑፉ እንደማይነበብ አስረዷት።

ሁለቱም መካሪዎች ቅን ናቸው፤ ሁለቱም ተማሪዋን አያውቋትም። የሚለያዩት በዕውቀት ብቻ አይደለም። ወጣቱ ምክሩን በትእዛዝ አንቀጽ ጀመረ፤ ጎልማሳው በጥያቄ ጀመሩ። ጥያቄው ትሕትና ብቻ እንዳይመስለን ጉዳዩን በዝርዝር እንየው። የማይነበብ የአማርኛ ጽሑፍ ቢያንስ በሦስት መልክ ይታያል።

ሀ. ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈና ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ነው። ተስማሚ ፎንት ሲመረጥ ወይም ሲጫን ይስተካከላል።

ለ. የላቲን ፊደልና ምልክት ቅይጥ ከታየ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ባልሆነ በቀድሞ ፕሮግራም ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሌላ ፎንት መምረጥ አያድነውም። የተጻፈበትን ፎንት መጫን ወይም በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያስፈልጋል።

ሐ. የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ፊደላቱ የግዕዝን ፊደል በማያውቅ ኮድ ሲቀመጡ ጠፍተዋል። ከዚያ ፋይል ውስጥ መመለስ ስለማይቻል የመጀመሪያውን ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

እንግዲህ ጠያቂው «ጽሑፌ አይነበብም» ሲል አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ በውስጡ ያሉት ችግሮች ግን ሦስት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። «ፎርማት አድርጊው» የሚለው ምክር ለሦስቱም አይሠራም። እንዲያውም በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረውን አሮጌ ፎንትና የመጀመሪያውን ቅጂ አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው «ምን ይታይዎታል?» የሚለው ጥያቄ የምክሩ መግቢያ ሳይሆን የምክሩ ግማሽ አካል ነው የምለው። መካሪው ያላየውን መሣሪያ የሚያይበት ዓይን የጠያቂው መልስ ነው።

5. የመካሪው ቋንቋ

5.1 አጠራር

በእንግሊዝኛ «ክፈት» የሚለው ትእዛዝ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለሽማግሌም አንድ ነው። በአማርኛ ግን መካሪው አንድ የትእዛዝ ግሥ ከመናገሩ በፊት ሁለት ነገር መወሰን አለበት፤ የተመካሪውን ጾታና ክብር። «ክፈት»፣ «ክፈቺ»፣ «ይክፈቱ»፣ «ክፈቱ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ መናገር አይችልም። ፊት ለፊት ሲገናኙ ይህ ችግር አይሆንም፤ መልክና ዕድሜ ይመሩታል። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ወንድሜ»፣ «እኅቴ» የሚሉት የዝምድና መጠሪያዎችም እንግዳውን ለጊዜው ዘመድ ያደርጉታል። በጽሑፍ ለመጣ ጥያቄ ግን የሚታየው ስም ብቻ ነው። እንደ «ደስታ» ያለው ስም ደግሞ ለወንድም ለሴትም ይሆናል።

በሰበሰብኳቸው መልሶች ውስጥ ሰዎች ከዚህ ችግር የሚወጡባቸው ሦስት መንገዶች ይታያሉ። አንዳንዱ «እርስዎ» ይላል፤ ይህ ለሁሉም አያስቀይምም፤ ነገር ግን ለወጣቱ ጠያቂ ጥቂት ይርቃል። ሌላው «እናንተ» ብሎ ለብዙዎች ይናገራል፤ ይህ ሌሎች አንባቢዎችንም ስለሚጨምር ለጽሑፍ ይስማማል። ሦስተኛው ተደራጊውን ግሥ ይዞ «ይከፈታል፣ ይመረጣል፣ ይጫናል» ይላል። ይህ የመጨረሻው የምግብ አሠራር መጻሕፍት ቋንቋ ነው፤ ሽንኩርቱ «ይከተፋል» እንጂ «ክተፊ» አይባልም። ጾታንም ክብርንም ስለሚያልፍ ምቹ ነው። ይሁንና አድራጊውን ስለሚሰውር፣ «ይቀመጣል» ሲባል ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስቀምጠዋል ወይስ ሰውየው ማስቀመጥ አለበት የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ሊፈጽመው ግድ የሆነው ነገር ሲደርስ ወደ «ያስቀምጡ» መመለስ ይገባል።

5.2 የዐረፍተ ነገር አሠራር

የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ድርጊቶችን እንደ ሰንሰለት ለማያያዝ የተመቸ ነው። «ከፍተው፣ ገብተው፣ መርጠው፣ ተጭነው፣ ያስቀምጡ» ሲባል አምስት እርምጃ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባል። ለትረካ ይህ ውበት ነው። በምክር ላይ ግን ጠያቂው ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ የሆነውን አይቶ መቀጠል ስላለበት ሰንሰለቱ ያስቸግረዋል። ሦስተኛው እርምጃ ላይ የተባለው ቃል ስክሪኑ ላይ ባይገኝ ምን ያደርጋል? ከሁለት ቦዝ በኋላ ዐረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ መዝጋትና «ይህ ከታየ ይቀጥሉ፤ ካልታየ ይንገሩኝ» ማለት የተሻለ ነው።

ከዚህ የባሰው የአሉታው ቦታ ነው። በአማርኛ ማሠሪያ አንቀጽ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ ክልከላውም መጨረሻ ላይ ይመጣል። «አሮጌውን ፋይል አጥፍተው አዲሱን እንዳይጭኑ» የሚለውን ምክር እንመልከት። ደረጃ በደረጃ እያነበበ የሚሠራ ሰው «እንዳይ» ከሚለው ላይ ሲደርስ አሮጌውን ፋይል አጥፍቶ ይሆናል። ደግሞም የተከለከለው ማጥፋቱ ነው ወይስ መጫኑ? ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል። ስለሆነም ማስጠንቀቂያ ራሱን ችሎ፣ ከእርምጃዎቹ ሁሉ በፊት መቀመጥ አለበት፦ «አሮጌው ፋይል አይጥፋ። አሁን አዲሱን ይጫኑ።»

5.3 የቃል ምርጫ

በሞባይል መጠገኛ ሱቆች የሚነገረው አማርኛ በውሰት ቃላት የተሞላ ነው። ይህን በመንቀፍ ጊዜ አላጠፋም፤ ቃሉ በሁለቱም ወገን የሚታወቅ ከሆነ ሥራውን ይሠራል። አስቸጋሪው አንዱ ቃል ብዙ ነገር ሲሸከም ነው። «ፍላሽ» በተማሪ ቤት ጽሑፍ የሚያዝበት ትንሽ ዕቃ ነው፤ በመጠገኛ ሱቅ ግን «ፍላሽ ይደረግ» ማለት የስልኩ ፕሮግራም እንደገና ይጫን ማለት ሲሆን፣ በስልኩ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። «ካርድ» የአየር ሰዓት መሙያም፣ ሲም ካርድም፣ ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት ሜሞሪም ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የውሰት ቃሉ ሳይሆን የራሳችን ግሥ ያመጣው ነው። «ዳታውን ያጥፉት» የሚለውን ምክር አንድ አንባቢ የሞባይል ኢንተርኔቱን ለጊዜው መዝጋት ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው በስልኩ ያለውን መረጃ መደምሰስ ብሎ ይረዳዋል። «ማጥፋት» መብራትን ማጥፋትም፣ ንብረትን ማጥፋትም ነውና ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ኢንተርኔቱን ይዝጉት» ወይም «ፋይሉን ይሰርዙት» ቢባል ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። መልሶ መክፈት ለሚቻለው «መዝጋት»ን፣ ለማይመለሰው «መሰረዝ»ን ለይቶ መጠቀም የብዙ ሰው ሥራ ከመጥፋት ያድናል።

5.4 የእርግጠኝነት መጠን

ልማዳዊው ምክር ጥርጣሬን አያሳይም፤ አባት «ይመስለኛል» እያለ ቢመክር ምክሩ ይላላል። ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ ምክር ግን የጥርጣሬው መጠን የምክሩ ይዘት ነው። «በእኔ ስልክ የሠራው ይህ ነው»፣ «ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው»፣ «ይህን አልሞከርኩትም» የሚሉት ሦስት አባባሎች ሦስት የተለያየ ክብደት አላቸው፤ ጠያቂውም በክብደታቸው ልክ ይጠነቀቃል። የምክሩ ዘመንም መነገር አለበት። ኒያላ የተባለው ፎንት በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 (2015 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ፈላጊው ለብቻው የሚጨምረው ሆነ። «ኒያላን ይምረጡ» የሚለው ምክር በዘመኑ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ቃሉን ከዝርዝሩ ውስጥ የሚያጣው ሰው ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

6. መካሪና አታላይ

የምክር ቋንቋ ለቅን ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንክ አገልግሎትም ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ፣ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። እንግዲህ «ላግዝዎት» ብሎ የሚቀርብ የማይታወቅ ሰው መካሪም አታላይም ሊሆን ይችላል። አታላዩ የመካሪውን አጠራር አሳምሮ ይኮርጃል፤ «ወንድሜ»፣ «እናቴ» ይላል፤ በ«እርስዎ» ይናገራል። ስለዚህ ክብርና ዝምድና የሚያሳዩ ቃላት ለመለያነት አይበቁም።

ልዩነቱ የሚገኘው በሚጠየቀው ነገር ላይ ነው። መካሪ የሚጠይቀው የሚታየውን ነው፦ ምን ተጻፈ? ምን ዓይነት ስልክ ነው? መቼ ጀመረ? አታላይ የሚጠይቀው የተሰወረውን ነው፦ የሚስጥር ቁጥሩን፣ በአጭር መልእክት የተላከውን ኮድ። መካሪ ጊዜ ይሰጣል፤ አታላይ «ቶሎ፣ አሁኑኑ» ይላል። መካሪ ጠያቂው ሌላ ሰው እንዲያማክር አይቃወምም፤ አታላይ «ለማንም አይንገሩ» ይላል። ይህ መለያ ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን ለቅኑ መካሪም ይጠቅማል። ሳያስበው የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ቅን ሰው፣ ጠያቂው ነገ ለአታላይ እንዲሰጥ ያስለምደዋል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ የቴክኒክ ምክር ከልማዳዊው ምክር የሚለየው በርእሰ ጉዳዩ ብቻ ሳይሆን በመካሪው ሥልጣን ምንጭ ነው። አባትነትና ሽምግልና በማይታዩበት ቦታ የሚታየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ጥያቄን ማስቀደም፣ ለማያውቁት ጾታና ዕድሜ የሚስማማ አጠራር መምረጥ፣ የቦዙን ሰንሰለት ማሳጠር፣ ክልከላን ከእርምጃዎቹ በፊት ማስቀመጥ፣ የሚመለሰውን ከማይመለሰው በቃል መለየትና የእርግጠኝነትን መጠን መግለጽ የዚህ ምክር ዋና ዋና መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህም ሁሉ የሰዋስውና የአጻጻፍ ጉዳዮች ስለሆኑ ከሥራችን የራቁ አይደሉም።

በጽሕፈት ትምህርት ላይ ለሚገኙ ተማሪዎች ገለጻና ትረካ እንደምናስተምር ሁሉ፣ አይተውት ለማያውቁት ሰው አንድ የሚያውቁትን ነገር በጽሑፍ የማስረዳት መልመጃም ቢሰጣቸው ተገቢ ይመስለኛል። መልመጃውም የሚታረመው በመምህሩ ብዕር ብቻ መሆን የለበትም። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ፣ የተጻፈለትን ብቻ እየተከተለ፣ ከመሣሪያው ፊት ይቀመጥ። የት ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ቃል እንዳሳተው፣ ምን ሊጠፋበት እንደነበረ ይመዝገብ። ለተማሪው የሚሰጠው ማርክም ከዚያ መዝገብ ላይ ይነሣ።